የፑንጃብ እሳት፣ የዴልሂ ጭስ፦ የናሳ የእሳት ካርታ ለአየር ብክለት ጥናት ምን ያህል ይታመናል?

ፈርምስ የተባለውን የናሳ የእሳት ካርታ ከፍቶ ቀኑን ወደ 2023 ኖቬምበር መጀመሪያ የመለሰ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሰሜን ምዕራብ ህንድ ላይ ነው። ሳንግሩር፣ ባቲንዳ፣ ፓቲያላና ሉዲያና የተባሉት የፑንጃብ ወረዳዎች ስማቸው እስከማይነበብ ድረስ በቀይ ነጥብ ይሸፈናሉ፤ ነጥቡ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየሳሳ በሃሪያና በኩል ያልፍና ዴልሂ አካባቢ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ይቀራል። ሳንግሩር ከዴልሂ በቀጥታ መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እሳቱ በአንድ ክልል ነዶ ጭሱ በሌላ ከተማ ሕፃናትን የሚያስልበትን ነገር እንዲህ በአንድ ስክሪን ላይ ዘርግቶ የሚያሳይ ነፃ አገልግሎት እስካሁን አላገኘሁም።

ላለፉት ሁለት ወራት ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና ሳዘጋጅ ፈርምስን በየቀኑ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ለልምምድ የመረጥኩት የዴልሂን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የሰብል ተረፈ ምርት ቃጠሎ በከተማ አየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደዚያ በስፋት የተጠናበት ቦታ ጥቂት ነው። እዚህ የምጽፈው አገልግሎቱ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት የት ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ ተጠቃሚውን ሊያሳስት እንደሚችል ያየሁትን ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀን ሰዓቱን ደግሞ ሌላ ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አገልግሎቱ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በኋላ ወደ ናሳ የተዛወረ ሲሆን፣ ሳተላይት ካለፈ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ የታዩትን እሳቶች በካርታ ላይ ያወጣል። መረጃው በዋናነት የሚመጣው ከሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ነው። አንዱ ቴራና አኳ በተባሉት ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ ነው፤ የሚያየውም በ1 ኪሎ ሜትር ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት አንድ ትንሽ ካሬ) ነው። ሁለተኛው በሱኦሚ ኤንፒፒ፣ በኖአ-20 እና በኖአ-21 ላይ የተጫነው ቪርስ ሲሆን፣ ይህኛው ፒክስሉ 375 ሜትር ስለሆነ የገበሬ ማሳ ያህል ለሆነ እሳት ከሞዲስ በጣም ይሻላል። ካርታውን ለማየት ምዝገባም ክፍያም አያስፈልግም። የቆየ መረጃ ለማውረድ ግን በናሳ የኧርዝዳታ መለያ መግባት ያስፈልጋል፤ ቦታውንና ጊዜውን መርጠው ጥያቄውን ሲልኩ ፋይሉ ሲዘጋጅ ማውረጃው በኢሜይል ይመጣል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ነፃ ቁልፍ ወስዶ መረጃውን በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ ከአገልግሎቱ በሚጠይቅበት መንገድ፣ በቀጥታ መሳብ ይችላል። የእኔ ኢንተርኔት በአብዛኛው ደካማ ስለነበር በጣም የጠቀመኝ ይህ መንገድ ነው፤ የአንድ ቀን የፑንጃብ መረጃ በሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) ሲመጣ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም፤ ካርታው ራሱ ግን ምስሎቹን እስኪጭን ድረስ ያስጠብቃል።

ወደ ፋይሉ ከመግባቴ በፊት እሳቱ ለምን እንደሚነድ ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ነጥቡን አይቶ ገበሬውን ብቻ ይኮንናል። ፑንጃብና ሃሪያና በዓመት ሁለት ዋና ሰብል ያመርታሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ሩዝ፣ በብርዱ ወራት ስንዴ። ሩዙ ውኃ የሚጠጣው ከከርሰ ምድር ስለነበረና የጉድጓዱ ውኃ በየዓመቱ እየራቀ ስለሄደ፣ ሁለቱም ክልሎች በ2009 ችግኝ ከጁን አጋማሽ ቀደም ብሎ እንዳይተከል የሚከለክል ሕግ አወጡ። ሕጉ ለውኃው መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ተከላው ሲዘገይ አጨዳውም ወደ ኦክቶበር መጨረሻ ተገፋ፤ ስንዴ ለመዝራት የቀረው ጊዜ ወደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠበበ። ሩዙን የሚያጭደው ኮምባይነር ዛላውን ወስዶ አገዳውን ቆሞ ይተወዋል፤ ያንን አገዳ በዚያ አጭር ጊዜ ነቅሎና ሰብስቦ መሬቱን ለስንዴ ማድረስ ገንዘብም ማሽንም ይጠይቃል፤ ክብሪት ግን ምንም አይጠይቅም። ጭድ በሚሸጥበት፣ ለከብትም ለቤት ምርጊትም በሚፈለግበት አገር ያደግን ሰዎች ገለባ ማቃጠል ይገርመን ይሆናል። የሩዝ ገለባ ግን ሲሊካ ስለሚበዛበት የፑንጃብ ገበሬ ለከብቱ የሚያስቀረው የስንዴውን ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው የወቅቱ ነገር ነው፤ ቃጠሎው የተገፋው ነፋሱ ወደሚደክምበት፣ ከመሬት አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ባለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ወደሚታፈንበት ጊዜ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ቀስተኛ ነፋስ ጭሱን ወደ ዴልሂ ያመጣዋል፤ ክዳኑ ደግሞ እንዳይወጣ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ፋይሉ እንመለስ። ከፈርምስ የሚወርደው ሰንጠረዥ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ የታየ የእሳት ፒክስል ይዟል፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የሙቀት መጠን፣ የፒክስሉ ስፋት፣ ቀንና ሰዓት፣ የሳተላይቱ ስም፣ የመታመኛ ደረጃ፣ በሜጋዋት የተለካ የእሳቱ የጨረራ ኃይል (እሳቱ በሙቀት ጨረር የሚያወጣው ኃይል)፣ መጨረሻ ላይም ቀን ይሁን ሌሊት የሚለይ ፊደል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚያው ነበር። ረድፉ ላይ 0812 ተብሎ ቢጻፍ ይህ የዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት እንጂ የፑንጃብ ሰዓት አይደለም። ህንድ ከዚያ በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ስለምትቀድም በማሳው ላይ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 13:42፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 7:42 ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ያው ቅጽበት ከረፋዱ 5:12 ነው። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ግድግዳ ላይ ሳይለጥፉ ሥራ መጀመር በኋላ ሙሉ ትንታኔ እንደገና ያሠራል።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። በቪርስ ፋይል ውስጥ ያሉት የፑንጃብ የቀን እሳቶች ሁሉ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በፊትና በኋላ ባለች አጭር ጊዜ ውስጥ የተከማቹ ናቸው። ከዚያ በፊት እሳት የለም፤ ከዚያ በኋላም የለም፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ፋይሉ ጸጥ ይላል። ይህ የሆነው እሳቱ ስለጠፋ ሳይሆን ሳተላይቶቹ በእነዚያ ሰዓታት ብቻ ስለሚያልፉ ነው። ቪርስን የተሸከሙት ሦስቱ ሳተላይቶች ከ800 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው ከዋልታ ዋልታ የሚዞሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ በየቀኑ በተመሳሳይ የፀሐይ ሰዓት እንዲደርሱ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተለኮሰና ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የጠፋ የማሳ እሳት ለእነርሱ አልነበረም።

የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት ክትትል የተመዘገበው የፑንጃብ የቃጠሎ ቁጥር በ2020 83,002 ነበር፤ በ2021 71,304፣ በ2022 49,922፣ በ2023 36,663 ሆነ፤ በ2024 ደግሞ 10,909 ደረሰ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ችግሩ በአራት ዓመት ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ ተወገደ ይላል። ነገር ግን በዚያው በ2024፣ ኖቬምበር 18 ቀን፣ የዴልሂ የአየር ጥራት መለኪያ 494 ደረሰ፤ በህንድ ምደባ ከ400 በላይ ያለው ሁሉ «ከባድ» የሚባል ሲሆን የመለኪያው ጣሪያ 500 ነው። ከድንበር ማዶ በፓኪስታን ያለችው ላሆርም በዚያው ወር ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር። እርግጥ የዴልሂ አየር የሚበከለው በገለባ ጭስ ብቻ አይደለም፤ ተሽከርካሪው፣ የግንባታ አቧራው፣ ፋብሪካው፣ ቆሻሻ ማቃጠሉ፣ በዲዋሊ በዓል የሚተኮሰው ርችት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መራራቃቸው ጥያቄ ማስነሣት ነበረበት፤ አስነሣም።

በናሳ የጎዳርድ ማዕከል የሚሠሩት ተመራማሪ ሂረን ጄትቫ በ2024 መኸር ጂኦ-ኮምፕሳት-2ኤ የተባለውን የኮሪያ ሳተላይት ምስሎች ተመልክተው፣ በፑንጃብ ብዙ እሳት የሚለኮሰው የናሳና የኖአ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም) ሳተላይቶች ካለፉ በኋላ ከሰዓት ገፋ ሲል መሆኑን አመለከቱ። የኮሪያው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ስለሆነ በየ10 ደቂቃው ምስል ያነሣል፤ ስለዚህ የቀኑን ሙሉ ታሪክ ያያል። ጉዳዩ ህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ፣ ክትትሉ እንደዚህ ያሉ ቋሚ ሳተላይቶችን መረጃ እንዲጠቀም አቅጣጫ ተሰጥቶበታል። ገበሬው የሳተላይቱን ሰዓት አውቆ ሸሸ ወይስ ሥራው ራሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚመች ነው የሚለውን ለመፍረድ ነጥቦቹ ብቻ አይበቁም፤ እኔም አልፈርድም። ቅጣት ከነጥብ ጋር በተያያዘበት ቦታ ግን ነጥቡ ከሚለካው ነገር እየራቀ መሄዱ የሚጠበቅ ነው። ለተመራማሪው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የእሳት ቆጠራ ማነስ የቃጠሎ ማነስ ነው ብሎ ከመጻፉ በፊት የተቃጠለውን መሬት ስፋት በሌላ መንገድ ማየት አለበት። ለዚህ የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር ጥራት የጠቆረውን ማሳ ከአረንጓዴውና ከቢጫው ለይቶ ያሳያል፤ ጥቁሩ አፈር እሳቱ በየትኛው ሰዓት እንደነደደ አይጠየቅም፤ እስኪታረስ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ይህን ስል በፑንጃብ የተሠራውን ሥራ ማሳነስ አልፈልግም። ሃፒ ሲደር የተባለውና ስንዴውን በቆመው አገዳ መካከል የሚዘራው ማሽን፣ ገለባ እየጠቀለሉ ለፋብሪካ የሚሸጡት ማኅበራት፣ የተሰጠው ድጎማ፣ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ለውጥ አምጥተዋል። የምለው ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ በሚያይ ዓይን መናገር አይቻልም ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው የነጥቡ ትርጉም ነው። በካርታው ላይ ያለው ነጥብ እሳቱ ያለበትን ቦታ አያሳይም፤ እሳት የታየበትን ፒክስል መሃል ነው የሚያሳየው። የቪርስ አንድ ፒክስል 375 ሜትር በ375 ሜትር ሲሆን ይህ 14 ሄክታር ያህል ነው፤ የሞዲሱ ደግሞ 100 ሄክታር። በዚያ 14 ሄክታር ውስጥ አንድ ማሳ ይነድ፣ አምስት ማሳ ይንደድ፣ ነጥቡ ያው አንድ ነው። ሳተላይቱ ወደ ጎን አዘንብሎ በሚያይበት የምስሉ ዳር ላይ ደግሞ ፒክስሉ ይሰፋል። በሥልጠናው ላይ አንድ ተማሪ ነጥቡን በጣም አቅርቦ አይቶ «እሳቱ እኮ መንገድ ላይ ነው ያለው» አለኝ፤ ነጥቡ በእውነትም አስፋልት መሃል ላይ አርፎ ነበር። ማሳው ከመንገዱ ግራ ወይም ቀኝ መቶ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነው። ነጥብ ይዞ የገበሬ ደጃፍ ድረስ ሄዶ «ያቃጠልከው አንተ ነህ» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ዓመትን ከዓመት ለሚያነጻጽር ሰው ሦስተኛ ወጥመድ አለ። ሱኦሚ ኤንፒፒ እና ኖአ-20 በአንድ ምህዋር ላይ በ50 ደቂቃ ያህል ተከታትለው ስለሚሄዱ፣ የሁለቱን ነጥቦች የደመረ ሰው አንዱን እሳት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። የኖአ-20 መረጃ ያልነበረበትን ዓመት ካለበት ዓመት ጋር ያነጻጸረ ደግሞ ሳተላይት ስለጨመረ ብቻ ቃጠሎ ጨመረ ይላል። ሞዲስም ቢሆን ከ2000 ጀምሮ ያለው ረጅም መዝገብ ያጓጓል፤ ነገር ግን ቴራና አኳ ነዳጃቸው እያለቀ ስለሆነ ምህዋራቸው አይስተካከልም፤ የሚያልፉበትም ሰዓት በቅርብ ዓመታት እየተንሸራተተ ነው። የሰዓቱ መንሸራተት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አይተናል። እኔ ለሥልጠናው የመረጥኩት ሱኦሚ ኤንፒፒን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ከጃንዋሪ 2012 ይጀምራል፤ ከአንድ ሳተላይት፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ፣ በአንድ ዘዴ የተሰበሰበ ስለሆነ ለንጽጽር ይመቻል።

እሳቱን ካየን በኋላ ጭሱ የት ሄደ የሚለውን ፈርምስ ብቻውን አይመልስም። ለዚህ የናሳው ወርልድቪው አብሮት ይከፈታል፤ የቀኑን እውነተኛ ቀለም ምስል፣ የእሳት ነጥቡን፣ የብናኙን መጠን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ያሳያል። የሁለት ቀን ምስል መሃል ላይ በመጋረጃ ከፍሎ ማነጻጸር መቻሉ ለማስተማር በጣም ተመችቶኛል። የኦክቶበር መጀመሪያን በግራ፣ የኖቬምበር መጀመሪያን በቀኝ አድርጌ መጋረጃውን ስስበው፣ ከላሆር እስከ ዴልሂ አልፎም እስከ ጋንጅስ ሜዳ ድረስ የተዘረጋው ግራጫ ጭስ በአንድ ጊዜ ክፍሉን ጸጥ አሰኘው። ሂማላያ ከሰሜን እንደ ግድግዳ ቆሞ ጭሱን ሲያግደው በዓይን ይታያል።

ጭስ መታየቱ ግን ሰው ምን ያህል ይተነፍሳል ለሚለው መልስ አይሆንም። ሳተላይቱ የሚለካው ኤሮሶል ኦፕቲካል ዴፕዝ የሚባለውን ነው፤ ይህም ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ባለው ዓምድ ውስጥ ያለው ብናኝ ሁሉ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ጭሱ 2 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቢያልፍም፣ አፍንጫ ላይ ቢተኛም ቁጥሩ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው ጭሱ በጣም ሲወፍር የሳተላይቱ ስሌት ደመና ነው ብሎ የሚጥለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከተማዋ በታፈነችበት በዚያው ቀን ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ይታያል። ባዶውን ቦታ ንጹሕ አየር አድርጎ የሚያነብብ ሰው በትልቁ ይሳሳታል። የአውሮፓው ሴንቲኔል-5ፒ ላይ ያለው ትሮፖሚ ካርቦን ሞኖክሳይድን በመለካቱ እዚህ ላይ ያግዛል፤ ጋዙ በአየር ላይ ለሳምንታት ስለሚቆይ የጭሱን ጉዞ ለመከተል ይጠቅማል፤ ነገር ግን እርሱም የሚያልፈው በዚያው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

ስለዚህ የመሬት መለኪያ የግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፒ ኤም 2.5 ለተባለው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የህንድ ደረጃ 60 ነው፤ በኖቬምበር ዴልሂ ይህን በብዙ እጥፍ ታልፋለች። በመሬት መለኪያው ላይ የሚታየው ከፍታ ከፈርምስ ነጥብ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀመጥ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በነበረባቸው ቀናት ከአንድ ቀን በኋላ ተከትሎ ሲወጣ፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ግንኙነቱ ሲላላ ይታያል። የገለባው ጭስ ከዴልሂ ብናኝ ያለው ድርሻ በአንዳንድ የኖቬምበር ቀናት ከሲሶ ያልፋል፤ በሌሎች ቀናት ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። ይህን ድርሻ የሚያሰሉት ሞዴሎች ስለ እሳቱ የሚያውቁት በአብዛኛው ከነዚሁ የሳተላይት ነጥቦች ስለሆነ፣ ነጥቡ ያልያዘውን ከሰዓት በኋላ የነደደ እሳት ሞዴሉም አያውቀውም፤ ድርሻው አንሶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚነካበት ምክንያት አለ። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ብለን በየደጁ ቆሻሻ ስናቃጥል አዲስ አበባ ምን እንደምትሸት ያልቀመሰ የለም። እነዚያ እሳቶች ግን ከአንድ ጓሮ የማይበልጡ፣ በጠዋትና በማታ የሚነዱ ስለሆኑ በፈርምስ ላይ ነጥብ ሆነው የመውጣት ዕድላቸው እጅግ ትንሽ ነው። በአንጻሩ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በበጋው የሚነደው የሣር እሳት ካርታውን ያጥለቀልቀዋል። ነጥብ የበዛበት ቦታ ሁልጊዜ ሰው ብዙ ጭስ የሚተነፍስበት ቦታ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም። የመሬት መለኪያን ነገር ስናነሣ ደግሞ፣ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ዴልሂንና አዲስ አበባን ጨምሮ በየከተማው የሚለኩትን የአየር ጥራት ለሕዝብ ማጋራት በማርች 2025 ተቋርጧል። ለእኛ ይህ ለዴልሂ ከሚከብደው በላይ ይከብዳል፤ ዴልሂ የራሷ ብዙ መለኪያዎች አሏት። ናሳ ከጣልያን የጠፈር ኤጀንሲ ጋር የሚያዘጋጀው ማይያ የተባለው የብናኝ ጥናት ተልእኮ ዋና ዒላማ ካደረጋቸው ከተሞች ውስጥ አዲስ አበባም ዴልሂም ስላሉበት፣ መሣሪያው ሲመጥቅ የሁለቱን ከተሞች ብናኝ በአንድ ዓይን ለማየት ዕድል ይኖራል።

አገልግሎቱን በአጠቃላይ ለማን እመክራለሁ ብባል፣ ለጋዜጠኛ፣ ለተማሪ፣ ለተመራማሪ፣ በክልል ግብርና ቢሮ ለሚሠራ ባለሙያም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ፍጥነቱ፣ ነፃነቱ፣ የመዝገቡ ርዝመትና የማብራሪያው ጥራት ተወዳዳሪ የለውም፤ ስለ ውስንነቶቹም ድረ ገጹ ራሱ በጥያቄና መልስ ክፍሉ ውስጥ በሐቅ ይናገራል። የምጠይቀው ማሻሻያ አንድ ነው። ያ ማብራሪያ ተጠቃሚው ፈልጎ ከሚያገኘው ገጽ ወጥቶ ካርታው ፊት ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው ፑንጃብን ሲያቀርብ፣ ይህን ቦታ ሳተላይት መጨረሻ ያየው በአካባቢው ሰዓት ስንት ላይ እንደሆነና ቀጣዩ መቼ እንደሚያልፍ ከነጥቦቹ አጠገብ ይጻፍለት። ደመና ወይም ወፍራም ጭስ የሸፈነው ቦታም ባዶ ሆኖ ከመቅረት ይልቅ በግራጫ ቀለም ይለይ።

እስከዚያው ድረስ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሱኦሚ ኤንፒፒን ብቻ አውርዱ፤ የመታመኛ ደረጃው ዝቅተኛ የሆነውን ረድፍ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሰዓቱን ወደ ህንድ ሰዓት ቀይሩ፤ ነጥብ ከመቁጠር የጨረራ ኃይሉን ደምሩ፤ በዚያው ሳምንት የሴንቲኔል-2 ምስል ላይ ጥቁር ማሳ ፈልጉ፤ የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የዴልሂን መለኪያ ክፈቱ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ ይህን ተከትላ ስትሠራ፣ አንድም ነጥብ በሌለበት የሳንግሩር መንደር ዙሪያ ከመቶ ሄክታር በላይ የጠቆረ መሬት አግኝታ ሰንጠረዡን አምጥታ አሳየችኝ። አሁን የእነዚያን ቀናት የኮሪያውን ሳተላይት ምስል እያወረደች ነው።